ዕጣን ጣል አድርጎ ቤት መግባት እየተቻለ ለምን ሞቱ?

ዘመነኛው፦

ሰላም ለቤቱ። አንድ ጥያቄ አለችኝ፣ እባካችሁ ሳትሰዳደቡ መልሱልኝ።

ያደግኩት ስንክሳር እየሰማሁ ነው። ገድሎቹ ላይ ሰማዕታቱ ፍርሃት የሚባል አያውቁም። ንጉሡ ይቆጣል፣ ያስፈራራል፣ እሾምሃለሁ እሸልምሃለሁ ይላል፣ እምቢ ይሉታል፣ በመጨረሻ አንገታቸው ይቀላል፣ አክሊል ይወርድላቸዋል። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ቅዱሳን ናቸዋ! አሁን የሮማን ታሪክ ማንበብ ስጀምር ግን አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ዳኛው ብዙ ጊዜ ሊገድላቸው አይፈልግም። እንደውም ይለምናቸዋል ማለት ይቻላል። "ለአማልክቱ ትንሽ ዕጣን ጣል አድርግ፣ ወይን ጠብ አድርግ፣ ከዚያ ወደ ልጆችህ ሂድ" ነው የሚለው። በልብህ ምን እንደምታምን የሚመረምርህ የለም።

እና ባሪያው፣ ነጋዴው፣ የምታጠባ እናት ሳትቀር እምቢ ብለው አውሬ ፊት የቀረቡት ምን ይዟቸው ነው? "መንግሥተ ሰማያትን ተስፋ አድርገው ነው" የሚለውን አውቀዋለሁ፣ እቀበለዋለሁም። ግን እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን ዕጣኗን ጣል አድርጌ ማታ ቤቴ ተንበርክኬ አለቅስ ነበር። በእኔና በነሱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድነው?

የቄስ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው "ትንሽ ዕጣን" ያልካት ላይ ነው። ለሮማዊው ዳኛ እውነትም ትንሽ ናት። ለሱ ሃይማኖት ማለት አገር ሰላም እንዲሆን፣ ዝናብ እንዲዘንብ፣ ጦሩ እንዲያሸንፍ ሁሉም ሰው የሚያዋጣው አምልኮ ነው። ማን ምን አመነ ግድ የለውም። ክርስቲያኑ ግን ያቺ ዕጣን ለማን እንደምትጨስ ተምሯል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች አሕዛብ የሚሠዉት ለአጋንንት ነው ብሎ በግልጽ ጽፎላቸዋል።

ደግሞ ያ ሰው እንደኛ በ40 ወይም በ80 ቀኑ አይደለም የተጠመቀው። ብዙዎቹ አዋቂ ሆነው፣ ረጅም ጊዜ ተምረው፣ አኗኗራቸው ተመርምሮ ነው የተጠመቁት። ሲጠመቁ ሰይጣንን እክድሃለሁ ብለዋል። ይሄ ሥርዓት እኛም ጋ አለ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ መካድ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ማመን። ልዩነቱ ለኛ የክርስትና አባታችን ነው የሚልልን። እነሱ በገዛ አፋቸው ብለውታል፣ መቼና የት እንዳሉትም ያስታውሱታል። ስለዚህ ዳኛው ፊት ሲቆሙ የሚሰሙት "ያንን የካድከውን ተመልሰህ አምልክ" የሚል ነው።

ሁልጊዜም በዕጣን ብቻ አያልቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ112 አካባቢ ፕሊኒ የሚባል ገዥ በቢታንያና በጳንጦስ፣ በዛሬዋ ሰሜን ቱርክ፣ የተከሰሱ ክርስቲያኖችን እንዴት እንደሚመረምር ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ጽፎለታል። ሦስት ጊዜ ይጠይቃቸዋል። አዎ ክርስቲያን ነን ብለው ከጸኑ ያስገድላቸዋል። አይደለንም ያሉትን ደግሞ አማልክቱን ያስጠራቸዋል፣ በትራጃን ምስል ፊት ዕጣንና ወይን ያስቀርባቸዋል፣ በዚያ ላይ ክርስቶስን ያስረግማቸዋል። እውነተኛ ክርስቲያን እነዚህን ሊያደርግ እንደማይችል ሰምቶ ነበርና መፈተኛው እሷ ሆነች። ታዲያ አንተ ዕጣኗን ብትጥል እንኳን እርግማኑን ትለው ነበር?

ሽማግሌው የሰምርኔስ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ላይ የመጣው ይኸው ነው። ገዥው "ክርስቶስን ስደበውና ልልቀቅህ" አለው። 86 ዓመት አገልግየዋለሁ፣ ምንም አልበደለኝም፣ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ ብሎ መለሰ። አስተውል፣ ስለ ገነት አላወራም። ያወራው ስለ ውለታ ነው።

ድንጋይ ወቃሪ፦

የቄስ ልጅ ያለው ጥሩ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ትንሽ ይስተካከል ባይ ነኝ። "ለምን ጸኑ" ስንል ሁሉም የጸኑ ይመስላል። ሁሉም አልጸኑም። ብዙ ሰው ክዷል፣ ይሄን የነገሩን ደግሞ ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን አባቶች ናቸው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በሮማው ንጉሠ ነገሥት በዳኬዎስ ጊዜ ነው፣ ፈረንጆቹ ዴሲየስ የሚሉት። ከ250 በፊት የነበረው ስደት አብዛኛው እዚህም እዚያም የሚነሳ ነው። አንዱ ከተማ ላይ ሕዝቡ ይነሣሣል፣ አንዱ ገዥ ይጨክናል፣ ሌላው ጋ ምንም የለም። ትራጃን ራሱ ለፕሊኒ ሲመልስ ፈልጋችሁ አትያዟቸው፣ ስም የሌለው ክስ አትቀበሉ ብሎ ነው ያዘዘው። ዳኬዎስ ግን በ250 በግዛቱ ያለ ሰው በሙሉ መሥዋዕት እንዲያቀርብ አወጀ። በየከተማው ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰው ይቀርባል፣ ይሠዋል፣ ከመሥዋዕቱ ይቀምሳል፣ ከዚያ ወረቀት ይሰጠዋል። አዎ፣ ወረቀት! ከ40 በላይ የሚሆኑት ግብፅ ውስጥ በፓፒረስ ላይ ተገኝተዋል፣ ዛሬም አሉ። "ዘወትር ለአማልክት ስሠዋ ኖሬያለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ አፍስሻለሁ፣ ሠውቻለሁ፣ ቀምሻለሁ፣ ፈርሙልኝ" ዓይነት ማመልከቻ ነው።

ካርቴጅ፣ ማለትም የዛሬዋ ቱኒስ አጠገብ፣ የነበረው ጳጳስ ቆጵርያኖስ በምሬት እንደጻፈው ሰዉ እስኪያዝ እንኳን አልጠበቀም፣ ራሱ እየሮጠ ሄደ። ገንዘብ ያለው ሳይሠዋ ወረቀቱን ብቻ በጉቦ አወጣ። (ለኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም መቼም።) ጳጳሱ ራሱ ተደብቆ በደብዳቤ ነበር የሚመራቸው፣ ለዚህም ብዙ ተወቅሷል። የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ ደግሞ አንዳንዶቹ ወደ መሠዊያው ሲቀርቡ እየገረጡ እየተንቀጠቀጡ፣ ሠዊ ሳይሆኑ ራሳቸው መሥዋዕት የሚሆኑ ይመስሉ ነበር፣ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብም ይስቅባቸው ነበር ይላል። ለመሠዋትም ለመሞትም የፈሩ፣ ምስኪኖች።

የቤተ ክርስቲያን መምህር የነበረው ኦሪጀን ከዳኬዎስ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ለእምነታቸው የሞቱት ጥቂትና በቀላሉ የሚቆጠሩ ናቸው ብሎ ጽፏል። የራሱ አባት የተገደለበት ሰው ነው ይሄን የሚለው፣ ኋላም በዳኬዎስ ጊዜ እሱ ራሱ በእስር ቤት ተሰቃይቷል። ስለዚህ ዘመነኛው፣ ዕጣን ጥለው ማታ ቤታቸው ያለቀሱት ያንተ ቢጤዎች በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። መጠየቅ ያለብን ጥቂቶቹን ምን ለያቸው የሚለውን ነው።

ዘመነኛው፦

የወረቀቱን ነገር በፍጹም አላውቅም ነበር። ስንክሳሩ ላይ ስለ ወረቀት ገዢዎቹ የሚነበብ የለማ! እነዚህ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላስ? እሑድ ሲሆን ተመልሰው ቅዳሴ ገቡ?

ቡናዬ፦

እሱን የሚያውቁ ይመልሱልሃል። እኔ ጥቂቶቹን ምን ለያቸው የሚለው ላይ ልግባ። ሁላችሁም ሰውየው ብቻውን ዳኛ ፊት እንደቆመ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ብቻውን አልነበረም፣ በኔ እይታ ዋናው መልስ እሱ ነው።

የካርቴጇን ፐርፔቱዋ ተመልከቱ፣ በ203 የተገደለችውን። ዕድሜዋ 22 ገደማ ነው፣ የሚጠባ ልጅ አላት፣ ከእስር ቤት ሆና በእጇ የጻፈችው ማስታወሻ እስከዛሬ ይነበባል። ጨለማው፣ ሙቀቱ፣ የወታደሩ ግፊያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጇ ሐሳብ እንዴት እንዳስጨነቃት ሳትደብቅ ትናገራለች። ያኔ ጠርጢዮስና ጰምጶንዮስ የሚባሉ ሁለት ዲያቆናት ለጠባቂዎቹ ገንዘብ ከፍለው እስረኞቹ ለጥቂት ሰዓት ወደሚሻል ክፍል እንዲወጡ አደረጉ። ልጇን አጠባች። እስር ቤት ስንቅ ያመላለሰ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ውጭ የሚያስብልህ ሰው እንዳለ ማወቅ ግማሽ መፈታት ነው።

ከሷ ጋር የታሰረችው ፌሊሲታስ ባሪያ ናት፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። በሮማ ሕግ ነፍሰ ጡር አትገደልም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር አይደል? እሷ ግን ተጨነቀች። ለምን ብትሉ፣ ጓደኞቿ ሞተው እሷ ቀርታ በኋላ ከማታውቃቸው ወንጀለኞች ጋር ልትገደል ነው። አብረው ጸለዩ፣ ያለ ጊዜዋ ምጥ መጣባት፣ ሴት ልጅ ወለደች፣ ልጅቷንም አንዲት ክርስቲያን እንደ ልጇ አድርጋ ወሰደቻት። በምጡ ስትጮህ አንዱ ጠባቂ አሁን እንዲህ ከሆንሽ አውሬ ፊት ምን ልትሆኚ ነው አላት። አሁን የምሠቃየው እኔ ነኝ፣ ያኔ ግን ስለ እሱ የምቀበለው ነውና ሌላ በውስጤ ሆኖ ይቀበልልኛል አለችው። ይሄን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ጭንቀቷ ነው። ከሞት ይልቅ መለየት የከበዳት ሰው እኮ ናት!

እስኪ አስቡት፣ በዚያ ዘመን ባሪያ ማለት የቤት ዕቃ ነው። አንዲት ባሪያ ከእመቤት ጋር አንድ ማዕድ ላይ የምትቀርበው፣ እህቴ የምትባለው የት ነው? በ177 ሊዮን ላይ፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ብላንዲና የምትባል ባሪያ ነበረች። እመቤቷም አብራት ታስራ ነበርና ይቺ ደካማ ሰውነቷ አይችልም ብላ ትሰጋላት ነበር። ቀን ሙሉ የገረፏት ሰዎች ደከሙ፣ እሷ አልደከመችም። እዚያው ሊዮን መጀመሪያ የካዱ አሥር ያህል ሰዎች ነበሩ። የጸኑት አልተመጻደቁባቸውም፣ አለቀሱላቸው እንጂ። ኋላ ከካዱት ብዙዎቹ ተመልሰው ክርስቲያን ነን አሉ።

ይሄን ጠላትም አይቶታል። ሉሲያን የሚባል ቀልደኛ የግሪክ ጸሐፊ፣ ክርስቲያን ያልሆነ፣ ክርስቲያኖች የታሰረ ሰው ካላቸው ገና ጎሕ ሲቀድ መበለቶችና የሙት ልጆች ወህኒ በር ላይ እንደሚሰለፉ፣ ምግብ እንደሚያስገቡ፣ ሹሞቻቸው ለዘበኛ ከፍለው ከእስረኛው ጋር እንደሚያድሩ እየሳቀባቸው ጽፏል። በ251 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከ1500 በላይ መበለቶችና ችግረኞችን ትመግብ ነበር፣ ይሄን ያለው ጳጳሷ ቆርኔሌዎስ ነው። በዚያው ዘመን ወረርሽኝ ሲገባ እስክንድርያ ላይ ሌላው ሰው በሽተኛውን መንገድ ላይ ጥሎ ሲሸሽ ክርስቲያኖቹ ሲያስታምሙ አብረው እንደሞቱ ዲዮናስዮስ ይናገራል። እንግዲህ ዳኛው ካድ ሲልህ ይሄን ሁሉ ሰው ተው ማለቱ ነው።

ሩቅ አገር፦

ቡናዬ ልብ የሚነካ ነው የጻፍሽው፣ ግን ሌላውን ፊቱንም እንየው። ማኅበር ያጽናናል፣ ይጫናልም። እስር ቤት ሁሉም ሲያይህ መካድ ቀላል ነው እንዴ? በዚያ ላይ የታሰረና ያልካደ ሰው ክብሩ ለጉድ ነበር። በዳኬዎስ ጊዜ እስር ቤት ያሉት ምእመናን ለካዱት "የሰላም ደብዳቤ" እየጻፉ ቤተ ክርስቲያን መልሳ እንድትቀበላቸው ያደርጉ ስለነበር ቆጵርያኖስ ሥልጣኔን ቀሙኝ ብሎ እስኪቸገር ደርሷል። ተራ ሰው በአንድ ጀምበር ከጳጳስ በላይ ሲሰማ አስቡት።

እና ራሳቸውን እየሰጡ የሄዱም ነበሩ። በ180ዎቹ አካባቢ እስያ የምትባለው የሮማ አውራጃ (የዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ) ገዥ የነበረው አርዮስ አንቶኒኖስ ፊት አንድ ቀን የከተማው ክርስቲያኖች ተሰብስበው መጡበት። ጥቂቶቹን አስገደለና የቀሩትን እናንተ ጎስቋሎች፣ መሞት ካማራችሁ ገደል አለ፣ ገመድ አለ ብሎ አባረራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ማርቆስ አውሬልዮስም ክርስቲያኖች ለሞት የሚዘጋጁት በግትርነት ነው ብሎ ነው ያለፋቸው። ሰውየው ፈላስፋ ነበር፣ ዝም ብሎ የሚሳደብ አይደለም። ይሄን ሁሉ "እምነት" ብላችሁ ብትጠቀልሉት አይበቃም።

የቄስ ልጅ፦

ሩቅ አገር፣ ራሳቸውን የሰጡትን ቤተ ክርስቲያን መች አመሰገነች? የፖሊካርፐስን መገደል የሚተርከው ጽሑፍ ላይ ቁዊንጦስ የሚባል ከፍርግያ የመጣ ሰው አለ። ራሱም ተነሥቶ ሄደ፣ ሌሎችንም አነሣሣ። አውሬውን ሲያይ ግን ፈራና ሠዋ። ጸሐፊዎቹ እዚያው ላይ ለዚህ ነው ራሳቸውን የሚሰጡትን የማናመሰግነው ይላሉ። ፖሊካርፐስ ግን መጀመሪያ ከከተማ ወጥቶ ተደብቋል። ሲይዙት ለያዙት ሰዎች ምግብ አቅርቡላቸው ብሎ እሱ ጸሎት ጀመረ። ግትር ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ቡናዬ፦

የግትርነቱን ነገር በተመለከተ፣ በሐምሌ ወር 180 ካርቴጅ ላይ የተፈረደባቸውን፣ ሲሊ ከምትባል የሰሜን አፍሪካ ከተማ የመጡትን ሰዎች እዩ። አሥራ ሁለት ናቸው፣ ሴቶችም ወንዶችም። ገዥው ሳተርኒኖስ የማሰቢያ ጊዜ ትፈልጋላችሁ ወይ አላቸው። እንዲህ ትክክል በሆነ ነገር ላይ የሚታሰብ የለም ብለው መለሱለት። በሣጥናችሁ ምን አለ ሲላቸው መጻሕፍትና የጳውሎስ መልእክቶች አሉት። 30 ቀን ልስጣችሁ፣ አስቡበት ሲላቸውም ክርስቲያን ነን ብለው ጸኑ። በሞቅታ የሄደ ሰው 30 ቀን ሲሰጠው ይበርድ ነበር።

ሩቅ አገር፦

ወይም ግትር ነበሩ :) ያው የቆየ ክርክር ነው።

የቄስ ልጅ፦

ዘመነኛው የካዱት ምን ሆኑ ብለህ ነበር። ካርቴጅ ላይ በ251 ጉባኤ ተቀምጦ በንስሐ እንዲመለሱ ተወሰነ። ሮማ ላይ ደግሞ ኖቫትያኖስ የሚባል ካህን የካደ በፍጹም አይመለስም አለና ተከታዮቹን ይዞ ተለየ። እሱ ቢያሸንፍ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን የጥቂት ጀግኖች ማኅበር ሆና ትቀር ነበር።

በንጉሠ ነገሥቱ በዲዮቅልጥያኖስ ጊዜ፣ በ303 በጀመረው ስደት፣ የእስክንድርያው ጳጳስ ጴጥሮስ የጻፈው ሥርዓት ደግሞ ልብን ያሳርፋል። እኛ ተፍጻሜተ ሰማዕት የምንለው ነው፣ ኅዳር 29 የምናስበው። ሁሉንም በአንድ ሚዛን አልመዘነም። ሥቃይ በዝቶበት ለካደ ሰው፣ ሦስት ዓመት ካዘነ በኋላ፣ 40 ቀን ጾም ጨመረለት። ሳይገረፍ እስሩ ብቻ ሰልችቶት የካደው አንድ ዓመት። ዘዴ ፈጥሮ ሳይሠዋ በመሠዊያው አጠገብ አልፎ የሄደ፣ ወይም አሕዛብ በሱ ቦታ የሠዋለት፣ ስድስት ወር። በጣም የሚገርመው ደግሞ ክርስቲያን ባሪያዎቻቸውን በራሳቸው ቦታ ልከው ያሠዉ ጌቶች ጉዳይ ነው። ባሪያው አንድ ዓመት፣ ጌታው ሦስት ዓመት! ጉቦ ከፍሎ ያመለጠውን ግን አልወቀሰውም፣ ንብረቱን ለነፍሱ ሰጥቷል ብሎ። ይሄን የጻፈ አባት ራሱ በ311 አንገቱ ተቀላ። የሰውን ድካም የሚያውቅና የሚራራ ሰው ነው የሞተው፣ ይሄ ለኔ የሩቅ አገርን "ግትርነት" በደንብ ይመልሰዋል።

ድንጋይ ወቃሪ፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ስደቱ ያበቃው ቆስጠንጢኖስ ስለመጣ ብቻ ይመስለዋል። በ311፣ ቆስጠንጢኖስ ለክርስቲያኖች ነጻነት የሰጠበት የሚላኑ ስምምነት ሳይደርስ፣ ከአሳዳጆቹ ሁሉ የከፋው ንጉሠ ነገሥት ጋሌርዮስ በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ ክርስቲያኖች እንዲሰበሰቡ ፈቅዷል። አዋጁ ላይ ብዙዎቹ በሐሳባቸው እንደጸኑ አየን፣ አማልክቱንም አላመለኩም፣ የራሳቸውንም አምላክ ማምለክ ቀረባቸው ይላል። መጨረሻ ላይ ለኛና ለመንግሥቱ ደኅንነት ወደ አምላካቸው ይጸልዩ ብሎ ጨረሰ። ግብፅ ውስጥ የነበረው እልቂት ግን በጣም ከባድ ስለነበር ቅብጦቹ፣ ማለትም የግብፅ ክርስቲያኖች፣ ዓመት የሚቆጥሩት ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ጀምረው ነው። እኛም ባሕረ ሐሳብ ላይ ዓመተ ሰማዕታት የምንለው እሱኑ ነው።

ዘመነኛው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጴጥሮስን ሥርዓት ሙሉውን በአማርኛ ያነበበ ካለ የት እንደሚገኝ ይጠቁመኝ፣ ስለ ጌቶቹና ስለ ባሪያዎቹ ያለውን ክፍል በተለይ ማየት እፈልጋለሁ። ደቡብ ዓረቢያ ውስጥ ናግራን ላይ በ523 የሞቱትን፣ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የዘመተላቸውን፣ ለብቻው ርዕስ እከፍትላቸዋለሁ። የእነሱ ነገር ከሮማው ይለያል፣ ፖለቲካው ብዙ ነው።